ከኮምፒውተር ለሚደመጥ ሙዚቃ ገንዘባችንን በምን ላይ እናውል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሙዚቃን በኮምፒውተር የሚያዳምጡና መሣሪያቸውን ማሻሻል የሚፈልጉ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የድምፅ ባለሙያችን የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዲስ አበባ፣ ከሰሚት ነው። በኮንዶሚኒየም ቤቴ ሙዚቃ የማዳምጠው ከላፕቶፕ ሲሆን፣ የተሰካበትም አንድ ጥንድ ትንንሽ የኮምፒውተር ስፒከር ነው። ለማሻሻያ 25,000 ብር አጠራቅሜአለሁ። ጓደኞቼ ከሁሉ በፊት ዳክ ግዛ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የመከሩዎት በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኔ ግን ከዳኩ በፊት ስፒከሩን፣ ከስፒከሩም በፊት ክፍሉን እንዲያስቡ እመክርዎታለሁ። ዳክ ማለት በፋይል ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ላፕቶፕዎም በውስጡ አንድ አለው። ይህ መሣሪያ በሥራው ላይ የሚፈጥረው መዛባት ስፒከሮች፣ በተለይም ትንንሾቹ፣ ከሚፈጥሩት ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በግራ እጅ ሳይጫን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ስፒከር ግን ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በሚሰማ ጉልበት ማውጣት አይችልም። ከፊቱ ምንም ዓይነት ዳክ ቢቀመጥ ስፒከሩ ማውጣት ያልቻለውን ቤዝ አያወጣለትም።

ስለዚህ ገንዘብዎን አምፕሊፋየሩ በውስጡ በተገጠመለትና የቤዝ ስፒከሩ ስፋት ቢያንስ 5 ኢንች በሆነ አንድ ጥንድ ላይ ቢያውሉት ልዩነቱን ገና በመጀመሪያው ዘፈን ይሰሙታል። ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ይችላሉ፤ ነገር ግን የራስዎን ላፕቶፕ ይዘው ሄደው፣ በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ከፍተው፣ ድምፁን ዝቅም ከፍም አድርገው ካዳመጡ በኋላ ይሁን። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር አያታልልዎ፤ የአምፕሊፋየሩ ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክፍሉ ልምጣ፤ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ከፍተኛ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 4 ሜትር ርዝመት ባለው ሳሎን ውስጥ በሁለቱ ተቃራኒ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን የሚያጠናክረው የመጀመሪያው ድምፅ 43 ሄርዝ አካባቢ (በሴኮንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ) ነው፤ በዚህም የተነሳ አንዱ የቤዝ ኖታ ቤቱን ሲያናውጥ ሌላው እንደሌለ ይሆናል። ስፒከሩን ማዕዘን ውስጥ መወሸቅ ወይም ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥ ይህንን ያባብሰዋል። ሁለቱን ስፒከሮች ከግድግዳው እያራቁ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እርስዎ ከተቀመጡበት ቦታ ካላቸው ርቀት ጋር እኩል አድርገው፣ የላይኞቹን ትንንሽ ስፒከሮች በጆሮዎ ቁመት ልክ ያስተካክሉ። ሶፋዎ ግድግዳውን ተደግፎ ከሆነ ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት ያምጡትና ያነጻጽሩ። ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፁን ስለሚያስተጋቡ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይረዳሉ፤ ይሁን እንጂ የሚያለዝቡት ቀጫጭኑን ድምፅ እንጂ ቤዙን አይደለም። ለአንድ ሳምንት በዚህ መልክ ሞክረው ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ ቢወጡ ደስ ይለኛል።

ዳክ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ምንም ሳይከፈት ከላፕቶፑ የሚመጣ የ«ሽሽሽ» ድምፅ በስፒከሩ ከተሰማ፣ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ላልቶ ከተንኳኳ፣ ወይም 300 ኦም የሚደርስ፣ ማለትም ከፍ ያለ ቮልት የሚፈልግ፣ የጆሮ ማዳመጫ ካለዎት መግዛቱ ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን ውድ መሆን የለበትም፤ አፕል በአሜሪካ በ9 ዶላር የሸጠው ትንሽ የዩኤስቢ ሲ አስማሚ እንኳን ጥሩ ዳክ አለው። ሁለት መሣሪያዎችን ሲያነጻጽሩ ድምፃቸውን እኩል አድርገው፣ ሌላ ሰው እየቀያየረልዎ፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳያዩ ያዳምጡ። በጥቂቱ ከፍ ያለው ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ስለሚሰማ ያለዚህ ጥንቃቄ ጆሮ በቀላሉ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ ስፒከሬ «ህምምም» ይላል፤ ስነቅለው ይጠፋል። የሚሸጡልኝ ሰዎች አዲስ ሳውንድ ካርድ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባና የሚያስወጣ መሣሪያ) ግዢ ይሉኛል።

መልስ፦ ቻርጀሩን ነቅለው መሞከርዎ ምርመራውን ጨርሶታል፤ ሳውንድ ካርዱ አልተበላሸም። ላፕቶፑም ስፒከሩም የየራሳቸው የመሬት ሽቦ ሲኖራቸውና በድምፅ ገመዱም እርስ በርስ ሲገናኙ አንድ ቀለበት ይፈጠራል፤ በዚያ ቀለበት የምትዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ የ50 ሄርዙን መስመር ድምፅ ወደ ስፒከሩ ትወስደዋለች። በመጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር፣ ከአንድ ሶኬት ያብሯቸው። በዚህ ካልጠፋ ገመዱ መካከል የሚገባ፣ ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለያይ አነስተኛ የድምፅ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ከሳውንድ ካርድ የረከሰ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች የኦፕቲካል ቀዳዳ ካላቸው ደግሞ ድምፁ በብርሃን ስለሚሄድ ቀለበቱ ከነአካቴው ይቆረጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ፦ ማንም ሰው የሶኬቱን የመሬት እግር እንዲቆርጥ አይፍቀዱ። በብዙ ቤቶች ይህ እንደ መፍትሔ ሲደረግ አይቻለሁ፤ ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፣ ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት በብረት አካሉ ላይ ቆሞ የሚነካውን ልጅ ይጠብቃል። በዚያው አጋጣሚ የቤቱ የመሬት ሽቦ በእርግጥ መገናኘቱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢያስፈትሹ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምደውለው። አባቴ የተዉልኝን 60 የሚሆኑ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ እፈልጋለሁ። የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

መልስ፦ በደርግ ዘመን ብዙ ሙዚቃ በካሴት ስለተሠራጨ፣ በእጅዎ ያለው ቅጂ ምናልባት ሌላ ቦታ የማይገኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጪዎ በመጀመሪያ ካሴቱን በሚያነበው ቴፕ ላይ ይሁን። በዩኤስቢ የሚሰኩት ርካሽ የኪስ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ስለሚንቀጠቀጥ ድምፁ ይዋዥቃል፤ ከእነርሱ ይልቅ ደህና የነበረ የድሮ ዴክ (የቤት ካሴት ማጫወቻ) ፈልገው ጎማውን ያስቀይሩ። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱት። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ካሴቱ እየተጫወተ በጣም በዝግታ ሲያዞሯት ቀጭኑ ድምፅ ይደምቃል ወይም ይደፈናል፤ እጅግ በደመቀበት ላይ ያቁሙ። የሄዱና የካሴቱ አቅጣጫ ካልተጣጣመ ምንም ሶፍትዌር የጠፋውን አይመልስም።

ብዙ ላፕቶፖች ያላቸው የማይክ መግቢያ ብቻ ስለሆነ የግራና የቀኙን ድምፅ ለይቶ የሚቀበል የላይን መግቢያ (እንደ ቴፕ ካለ መሣሪያ የሚመጣ ድምፅ የሚሰካበት) ያለው የውጭ ሳውንድ ካርድ ያስፈልግዎታል። በ24 ቢትና በ48 ኪሎሄርዝ (ድምፁ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ) ይቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲያርፍ ያድርጉ። እያንዳንዱ ካሴት 60 ደቂቃ ቢሆን ለሁሉም 62 ጊጋባይት ያህል ይበቃል፤ ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያጥፈው፣ ፍላክ በተባለው የፋይል ዓይነት ሲቀመጥ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። የመጀመሪያውን ቅጂ ምንም ሳይነኩ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ያስቀምጡ፤ ሽሽታውን የመቀነሱ ሥራ በሌላ ኮፒ ላይ ይሠራል። ካሴቶቹንም አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ለወንድሜ ወደ አዲስ አበባ አምፕሊፋየር ይዤ ልሄድ ነው። ይሠራል?

መልስ፦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ሄርዝ የሚል ከሆነ የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃዋል። ቮልት መቀየሪያ ካለው ከመሰካቱ በፊት ወደ 220 ወይም 230 መዞር አለበት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ከአምፕሊፋየሩ የበለጠ አቅም ያለውና ቮልት የሚቀንስ ከባድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ 60 ሄርዝን አይመልስም፤ ስለዚህ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ መሣሪያ በ50 ሄርዝ ከወትሮው የበለጠ ሊሞቅ ይችላል። ክብደቱን ከነትራንስፎርመሩ ሲያስቡት እዚያው ባለ 220 ቮልት መግዛቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ያከማቸኋቸውን ዘፈኖች ወደ ፍላክ ብቀይራቸው ጥራታቸው ይጨምራል?

መልስ፦ አይጨምርም። ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለው ድምፅ ስለማይመለስ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ አይሻሻልም። ሲዲው ካለዎት ከሲዲው እንደገና ይገልብጡ። የሲዲ 44.1 ኪሎሄርዝና 16 ቢት የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20 ኪሎሄርዝ ያለውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ፋይል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ በውድ ዋጋ የሚሸጥ የዩኤስቢ ገመድ ድምፅ ያሻሽላል?

መልስ፦ ገመዱ ካልተሰበረና ካልረዘመ ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ከዕቃው ጋር የመጣው ይበቃዎታል። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር ለሚሄደውም 5 ሜትር ድረስ ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ተራ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው፤ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ጋር ማገናኘትዎን ብቻ ያረጋግጡ፤ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገናኘ ቤዙ ይሳሳል።