የሻምበል ጥርስ

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ውሻዬ ሻምበል ጥርሱን ተነቀለ።

ሳቁና ጨርሱ። እኔ እጠብቃለሁ።

ሐኪሟ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የፊቶቹ ነጭ ናቸው። ከኋላ ግን ቡናማ፣ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ሽታውንማ ሁላችንም «የውሻ አፍ ነው እንግዲህ» ብለን እናልፈዋለን አይደል? ውሻ 42 ጥርስ አለው አለችኝ። ትልቁም ትንሹም ያው 42! ሦስት ኪሎ የማይሞላው ሻምበልና ያ የጎረቤቴ ጀርመን ሼፐርድ እኩል ጥርስ አላቸው። እና የት ይግባ? ተጣቦ፣ ተጣሞ ይበቅላል። በየመሃሉ ቆሻሻ ይቀራል። ቆሻሻው በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ ከደረቀ ወዲያ ብሩሽ አያስለቅቀውም። ቀስ እያለ ድድ ሥር ይገባና የመንጋጋውን አጥንት ይበላዋል። የትንንሾቹ መንጋጋ ደግሞ ስስ ስለሆነ እስከ መሰበር የሚደርስ አለ። ሻምበል ግን ምግቡን አንድ ቀን አልተወም። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፣ እያመመውም ይበላል።

ሰመመን ግድ ነው አሉ። ሳናስተኛ እናጸዳለን የሚሉ አሉ፣ እነሱ ግን የሚታየውን ብቻ ነው የሚፍቁት። ጉዱ ያለው ከድድ በታች ነው፤ እሱን ለማየት ራጅ ያስፈልጋል፣ ነቅቶ ደግሞ ማን ያነሳዋል?

ተኝቶ ሳለ እማዬ ደወለች። በቪዲዮ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ አነሳሁት።

«ምነው ፊትሽ?»

«ሻምበል ሐኪም ቤት ነው።»

«ውይ! ምን አገኘው?»

«ጥርሱን።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። «ስንት ጠየቁሽ?» አለች። በዶላር ነገርኳት። ሳልመነዝር! እማዬ ግን በሐሳቧ መንዝራ ጨርሳለች፣ ከፊቷ አየሁት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «እግዜር ይማርልሽ» አለችኝ። ከልቧ። እንደ ሰው።

ያ ነጠላ ነው ያልለቀቀኝ። እማዬ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች፣ ሁልጊዜ። ጨዋነት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ሊሆንም ይችላል። ግን ያን ቀን ከነጠላው ጀርባ ስንት ጥርስ እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ። የሻምበልን በራጅ አንድ በአንድ አይቻለሁ፣ የእሷን...

ለማንኛውም፣ ብሩሹ። በየቀኑ ነው የተባልኩት። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ ውሻ መትፋት አይችልም፣ ይውጠዋል። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ፣ ለውሻ መርዝ ነው። የእሱ የዶሮ ጣዕም ያለው ነው። የዶሮ! አጥንት ስጪው የምትሉኝም፣ ጠንካራ አጥንት ጥርስ ይሰብራል። አባቴ ቢኖር የወይራ መፋቂያ ያስይዘው ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥር ላይ ተደግፎ ሲፍቅ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይል ነበር፣ እንጨቱን ከአፉ ሳያወጣ። ሰው እንዴት ይገባው እንደነበር እንጃ። ጥርሱ ግን... ወተት።

ማታ መልሼ ደወልኩላት። ቀለል አድርጌ፣ አንቺስ ለምን አትታዪም አልኳት።

«እኔ? ሽሮ ልቆረጥምበት?»

ሳቅን። ሁለታችንም። ተዘጋ።

እህቴን «እማዬን ወስደሽ አሳያት» ልላት አስቤያለሁ። ግን እህቴ ደግሞ... ነገር ትመነዝራለች። «ለውሻው ሲሆን ነው ትዝ ያልንሽ» ብትለኝስ? አትልም። ትላለች። ኧረ እኔ እንጃ... ቆይ፣ ስለ ብሩሹ ምን እያልኩ ነበር?