ቋንቋና ጥበብ በአንድ ደጃፍ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከሁሉ በላይ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

የቋንቋና የጥበብ መምህራን በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። እነዚህ ሁለቱ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ኖረዋል።

ድሮ ግን አንድ ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ፊደል የሚቆጥረው በዜማ ነው። ንባቡን ሲጨርስ ዜማ ቤት፣ ቀጥሎ ቅኔ ቤት ይገባል። ቅኔ ቤት ውስጥ ሰዋስውና ፈጠራ አይነጣጠሉም። የግእዙን ግስ ያላጠና ቅኔ መቁጠር አይችልም። በሁለት ስንኟ አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ የኔታ ፊት ቀርቦ የገዛ ራሱን ቅኔ ያሰማል። የሰው ቅኔ ይዞ መምጣት ነውር ነው። ከፍ ሲል ደግሞ፣ ገና ተማሪ ሳለ ከሱ በታች ያሉትን ያስጠናል። የመምህርነት ሥልጠና ማለት እኮ ይኼው ነው! ዘመናዊው ትምህርት ይህን ሳይወርስ ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በ1943 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲ አደገ። የቋንቋ መምህር መሆን የሚፈልግ እዚያ ገባ። ጥበቡስ? ጥበቡ ሌላ ግቢ ሄደ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ለብቻው ቆመ። የሁለቱም ዋና ሥራ ሠዓሊና ሙዚቀኛ ማፍራት ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተቀላቀሉት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው በ1957 ዓ.ም የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛው የተመደበው ለማስተማር ነበር። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ የሄደ ወጣት፣ ልጆቹ ቤታቸው በሌላ ቋንቋ እንደሚያወሩ በጆሮው ሰማ። በ1965 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ የፔዳጎጂ አካዳሚ በዩኔስኮ ድጋፍ ሲቋቋም፣ ሐሳቡ ገጠሩን የሚያውቅ ባለሙያ ማውጣት ነበር። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ 15 ቋንቋዎችን አዳረሰ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ሕፃናት በአፍ መፍቻቸው ይማሩ አለ። ያኔ ኮሌጆቻችን ብዙ ቋንቋ ማስተማር ግድ ሆነባቸው።

ቋንቋው እንዲህ ሲሰፋ ሥዕሉና ዜማው ግን ወደ ኋላ ቀሩ። እኔ ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ለአማርኛ ነበር። ክፍለ ጊዜህ አልሞላም ተባልኩና ሥዕልም ተሰጠኝ። እርሳስ አያያዝ እንኳ ያሳየኝ አልነበረም። ለልጆቹ «የፈለጋችሁትን ሣሉ» ብዬ ደብተር አርም ነበር። አንዷ ልጅ ግን ወንዝ ሣለች። ከዚያ ሳትጠየቅ ከሥሩ አራት መስመር ጻፈች። ያች ልጅ ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ አታውቅም ነበር። ደብተሯን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ ለፋኩልቲው ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ለተግባር ልምምድ ስትልኳቸው የቋንቋውንና የጥበቡን ሠልጣኝ ጥንድ አድርጋችሁ አንድ ክፍል አስገቧቸው። አብረው ያቅዱ፣ አብረው ያስተምሩ። ተመራቂዎች፣ እናንተም የተመደባችሁበት ትምህርት ቤት ስትደርሱ ተፈላለጉ። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለማንም ማሟያ ሲሰጥ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

አመሰግናለሁ።