የእናቴ ንፍሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ንፍሮ ነው።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አጎቴ ከዓባይ በረሃ ሲመጣ እናቴ የባቄላ ንፍሮ ታቀርብለታለች። እሱ አንድ ሁለት ፍሬ ቆርጠም ያደርግና፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ገና ነው። እኛ ዘንድ እስካሁን ፍርስ ብሎ ነበር» ይላታል። እናቴ ይከፋታል። «ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ ነው እኮ!» ትላለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ማገዶ ትጨምራለች። ባቄላው ያው ነው።

ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው አስተምረውናል። ልክ ነው፣ ግን በባህር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውን የሚጫነውም ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ብዙም ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል በሉት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታች ዓባይ በረሃ ግን ወደ 96 ይደርሳል። አጎቴም እናቴም እውነታቸውን ነበር።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ውሃ አንዴ ከተንተከተከ በኋላ የፈለገውን ያህል እንጨት ቢማገድ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ትርፉ እሳት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ያበነዋል፣ በቃ። እናቴ ስትጨምረው የኖረችው ማገዶ ባቄላውን አላፈጠነውም። ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ያ እንጨት ገበያ የሚደርሰው በእናቶች ጀርባ ነው እኮ። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከፈላ በኋላም ክዳኑን ገጥሞ በመጠነኛ እሳት መተው ይበቃል። ያ ግጥም ብሎ የሚዘጋው ድስት ደግሞ እንፋሎቱን አምቆ ውሃውን ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ደጋ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ዓባይ ራሱስ? ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ይነሳል፣ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። ባህር ዳር ላይ ይወጣና ወደ ደቡብ ታጥፎ ጎጃምን ይዞራል። ወደ ጎንደር ስንሄድ ባህር ዳር ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ ከደጀን ወርደን፣ ወደ ነቀምት ከቡሬ ወርደን፣ በሦስቱም መንገድ የምንሻገረው እሱኑ ነው። እኔ ይሄን ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ካርታ ዘርግቼ ነው።

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ እናቴ ጉልባን ስትጥድ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የውሃውን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ ከምድጃው ሁለት እንጨት መዘዘች።

«በል አሁኑኑ ለአጎትህ ደውልለት» አለችኝ።

ደወልኩ። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አስረዳችው።