ሳራ ፓልመር ታውቅ ነበር ወይ?

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። በርቷል።

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የቤት ኪራዩ ጉዳይ ክፍል ሁለት ነው ብያችሁ ነበር። አይደለም። ክፍል ሁለት ይጠብቅ። አከራዩም እየጠበቀ ነው። (ሳቅ)

ዛሬም ትዊን ፒክስ ነው፤ ሎራ ፓልመር የምትባል ልጅ ተገድላ ስለተገኘችበት ከተማ የሚያወራው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ቴሌግራም ላይ «ሴትዮዋ ጫካ ገብታ ቀረች» ብለህ የጻፍክልኝ ልጅ፣ አዎ፣ አሁንም ጫካው ውስጥ ነኝ። ያላያችሁት ደግሞ በፈረንጁ ከ1990 ጀምሮ ጊዜ ነበራችሁ። ገዳዩን እናገራለሁ፤ በኋላ ስፖይለር ምናምን ብላችሁ እንዳትቆጡኝ።

ግን ገዳዩ አይደለም ያስቸገረኝ።

ከተከታታዩ በኋላ የወጣውን ፊልም፣ ፋየር ዎክ ዊዝ ሚን፣ ካየሁት ሰንብቷል። ያልፍልኛል ብዬ ነበር፤ አላለፈም። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ መኪና ውስጥ ያ የእራት ጠረጴዛ ድቅን ይልብኛል። ያያችሁት የቱን እንደምል ገብቷችኋል። ቆይ፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ እማዬ እንዴት እንደገባችበት ልንገራችሁ። እማዬ እዚህ በነበረች ጊዜ፣ ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ እንግዳ ሲመጣበት የሚያደርገውን አደረግኩ። ስኖኳልሚ ፏፏቴ ወሰድኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ «ጢስ ዓባይ ይበልጣል» አለች። እማዬ፣ ይሄ እኮ 82 ሜትር ገደማ ነው፣ በከፍታ እንኳ ይሄ ይበልጣል። ሰማችኝ? አልሰማችኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ሶፋ ላይ ሆኜ የተከታታዩን የመጀመሪያ ክፍል ስከፍት፣ መግቢያው ላይ ያው ፏፏቴ መጣ። ከላዩ ሆቴሉ፣ ከሥሩ ያ የአንጀሎ ባዳላሜንቲ ሙዚቃ። እማዬ ከኩሽና ብቅ አለች። «ይሄ የወሰድሽኝ ቦታ አይደለም እንዴ?» ነው። በቃ፣ ምስሯን ይዛ መጥታ ተቀመጠች። እሷ ሎራ ፓልመርን ልታይ አልነበረም የተቀመጠችው። ራሷ የቆመችበትን ቦታ ልታይ ነው።

ምስሩን ታውቃላችሁ። እዚህ አገር ምስር ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ታሽጎ ነው የሚሸጠው ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ትለቅመዋለች። አንድ ቀን ጠጠር አገኘችና ለሳምንት ያህል አላስቀመጠችኝም።

እንግሊዝኛው ብዙም አይገባትም። እኔም ሁሉን አልተረጎምኩላትም። ያንን ቀይ መጋረጃ ያለበትን ክፍል ምን ብዬ ልተርጉም? ተዋናዮቹ ንግግሩን ከኋላ ወደፊት እያሉት ቀረጹ፣ ከዚያ ቅጂውን ገለበጡት። ለዚያ ነው ቃሉ ቃል የሚመስለውም፣ የማይመስለውም። እማዬ «ይሄ በአማርኛም ቢሆን አይገባም» ብላ ዘጋችው። ግድያውን የሚመረምረውን ኩፐርን ግን ወደደችው። ቡና ሲቀርብለት ፊቱ ላይ የሚወጣውን ደስታ አይታ «ያሳደጉት ልጅ ነው» አለች።

መሃሉን ግን አላየችም። ለቅሶ ነበረብን፣ ክርስትና ነበረብን፣ እሷም ዘመድ ጋ ሰነበተች። እንደ እውነቱ መሃሉ ብዙ አላመለጣትም። የሎራ ፍቅረኛ የነበረውን የጄምስን ሞተር ሳይክል ነገር በእኔ ፊት ማንም እንዳያነሳ። የድራማው ፈጣሪዎች፣ ዴቪድ ሊንች እና ማርክ ፍሮስት፣ «ሎራን ማን ገደላት?» የሚለውን ቶሎ መመለስ አልፈለጉም። ጣቢያው፣ ኤቢሲ፣ ንገሩን አለ። ኅዳር ላይ፣ በፈረንጁ ኖቬምበር 1990፣ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ምን ይጠብቅ? በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በ30 ክፍል ተዘጋ። ኩፐር መስታወት ፊት ቆሞ... እሱን እንኳ ተዉት።

ምን ልል ነበር... አዎ። እማዬ መሃሉን አላየችም። ይሄ ወሳኝ ነው። ቦብን፣ ክፉውን መንፈስ፣ አታውቀውም።

ፊልሙ 1992 ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ኩፐር ምን ሆነ ብሎ ነው የሄደው። ሊንች ምን አደረገ? ገና ሲጀምር ቴሌቪዥን በመጥረቢያ አስፈለጠ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የሎራን የመጨረሻ ሰባት ቀናት አሳየን። ተቺዎች አብጠለጠሉት። አሜሪካ ውስጥ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያገኝ ነው። ሰውን አልፈርድበትም። ዶናት እና ቡና ጠብቀህ ሄደህ ያንን ስታገኝ...

ሎራን የምትሠራው ሸሪል ሊ እኮ መጀመሪያ የተቀጠረችው ሬሳ ሆና እንድትተኛ ነበር። ሲያትል ውስጥ ቲያትር የምትሠራ ልጅ ነበረች። በላስቲክ ተጠቅልላ ውሃ ዳር ትገኛለች፣ አለቀ። ሊንች ችሎታዋን ሲያይ የሎራ የአክስት ልጅ፣ ማዲ፣ ተብላ እንድትመለስ አደረገ። ፊልሙ ላይ ደግሞ ሁሉንም ነገር ትከሻዋ ላይ ጫነው። በ30 ክፍል ሙሉ ስለ እሷ ሲወራ የነበረች ልጅ መጨረሻ ላይ ራሷ መጣች። እና እኛ፣ ማለቴ እኔ፣ በ30ው ክፍል እየተዝናናሁ ነበር እኮ። ፍንጭ እየለቀምኩ።

እሺ፣ ጠረጴዛው።

ሎራ ትገባለች። አባቷ ሊላንድ፣ ገዳዩ፣ ጠረጴዛው ጋ ነው። ተዋናዩ ሬይ ዋይዝ፣ ያ ጥርሱ፣ ያ ፈገግታው። እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የተቀመጥሽው፣ አይደል? ይላታል። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እጇን ይይዛል። ጣቷን ያነሳል። ጥፍሯን ይመረምራል፤ ሥሩ ቆሻሻ አለ ይላል። ከዚያ አንገቷ ላይ ያለችውን የግማሽ ልብ ጌጥ ያያል። ከፍቅረኛሽ ነው? ማነው የሰጠሽ? ጉንጯን ይቆነጥጣል። ሎራ አትንቀሳቀስም። ሸሪል ሊ እዚያ ጋ ምንም አትሠራም። ትተነፍሳለች ብቻ።

እና እናትየው፣ ሳራ፣ ሳህን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ ነገሩን ልታቀል ትሞክራለች። ከዚያ ተዋት፣ እንደሱ ሲደረግ አትወድም ትለዋለች። እሱ ዞር ይልና፣ የምትወደውን አንቺ በምን አወቅሽ? ይላታል። ተው! ትላለች፤ ጮክ ብላ። እሱ ይቀመጣል። ግን ሎራ ካልታጠበች ማንም አይበላም ይላል።

እኛ ቤት፣ እናንተም ቤት፣ እጅ ማስታጠብ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማስታጠቢያውን ይዤ አባዬ ጋ ስሄድ ይመርቀኝ ነበር። ለዚያ ይሆናል ሆዴ ውስጥ የገባው። ወይም አይደለም። ፈረንጁም እኮ እዚህ ጋ ነው የሚፈራው።

እማዬ ምስሯን እየለቀመች ነበር። አንድም ቃል አልተረጎምኩላትም። ቀና አለች። ቴሌቪዥኑን አየች። እና «እናትየው ታውቃለች» አለች።

እኔ ደግሞ፣ ያው እኔ ነኝ፣ ማስረዳት ጀመርኩ። አይ እማዬ፣ ቆይ፣ እሱ ውስጥ የገባ ክፉ መንፈስ አለ፣ ቦብ የሚባል፣ ሊላንድ ራሱም አያውቅም፣ ሳራ ደግሞ... እጇን እንዲህ አደረገች። ዝም በይ የሚለውን ምልክት። ማታ ላይ ሊላንድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱ ሲቀየር፣ ሲያለቅስ፣ ሎራ ክፍል ሄዶ እወድሻለሁ ሲላት፣ እማዬ «ደግሞ ያለቅሳል!» አለች። ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «ልክ እንደነ...» አለችና ቆመች።

እንደነ ማን?

ዝም። ምስሩን ሰበሰበች። ድስት ሊያርርብኝ ነው ብላ ተነሳች። ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም።

...

ምናልባት የቃና ድራማ ትዝ ብሏት ይሆናል። (ሳቅ) የምሬን ነው! ከቱርኮቹ አንዱ ቤት ሊሆን ይችላል። እማዬ የእነሱን ቤተሰብ ከእኛ ቤተሰብ በላይ ታውቃለች። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ርስት እንደቀማ። ይሆናል። ሊሆን ይችላል።

እኔ ግን ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። በዚህኛው ዙር ሳራን ብቻ። ተዋናይዋን፣ ግሬስ ዛብሪስኪን። እና ነገሩ ተገለበጠብኝ። ለካ እሷን በደንብ አይቻት አላውቅም። ትጮኻለች፣ ታጨሳለች፣ ራእይ ታያለች፣ አልፋታለሁ።

ቦብ ራሱ እንዴት እንደተገኘ ታውቃላችሁ አይደል? ፍራንክ ሲልቫ ተዋናይ አልነበረም። የቤት ዕቃ የሚያደራጅ የሠራተኛ ቡድኑ አባል ነበር። ሳራ ሶፋው ላይ ብድግ ብላ የምትጮኽበትን ሲቀርጹ፣ ከጀርባዋ ባለው መስታወት ውስጥ የሰው ምስል ገባ። ካሜራማኑ ተበላሽቷል አለ። ማን ነው የገባው? ሲባል ፍራንክ። ሊንች ይቆይ አለ። ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ሁሌ ስለ ፍራንክ ሲልቫ ዕድል ነው የማወራው። መስታወቱ ግን ከሳራ ጀርባ ነበር። ገና ከመጀመሪያው ክፍል።

ደግሞ ወተቱ አለ። ፊልሙ ላይ ሊላንድ ማታ ለሳራ ወተት ይሰጣታል፤ መድኃኒት ያለበት። ጠጪ ይላታል። ትጠጣለች። ነጭ ፈረስ ይታያታል፣ ከዚያ ትተኛለች። ታዲያ ያደነዘዟት ሴት ምን ታውቃለች? ብዬ ለእማዬ በሐሳቤ እመልስላታለሁ። ጠበቃ ሆኛለሁ በቃ። ከዚያ ደግሞ፣ ያ ወተት ሲመጣ አልገረማትም? ልጅቷ እንደሱ ስትደረግ እንደማትወድ በምን አወቀች? ሊላንድ የጠየቃት እኮ ይሄንኑ ነው። ከፊልሙ ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ገዳዩ ነው። ይሄ ደሜን ያፈላዋል።

እሺ፣ የ2017ቱን ተከታይ አስቡት፣ ዘ ሪተርንን። 18 ክፍል ነው። ሳራ ብቻዋን እዚያው ቤት አርጅታለች። ቴሌቪዥን ላይ እንስሳ እንስሳን ሲበላ ታያለች። ቡና ቤት አንድ ሰውዬ ሲያስቸግራት ፊቷን እንደ ጭምብል ታነሳዋለች። መጨረሻው አካባቢ የሎራን ፎቶ መሬት ላይ ጥላ በጠርሙስ ትወጋዋለች፣ ትወጋዋለች። ስለዚህ ሊንችም ሳራን አልረሳም። 25 ዓመት ቆይቶ ተመልሶ መጣባት። ሊንች ጃንዋሪ 2025 ሞተ። ማብራራት አይወድም ነበር፤ አሁንማ ጨርሶ...

የፓልመሮች ቤት የተቀረጸበት ቤት ኤቨረት ነው፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዘ ሪተርን መጨረሻ ላይ በሩን የምትከፍተው ሴት የእውነት የቤቱ ባለቤት ነች። ሄጄ ላየው ነበር። አሁን አላውቅም። የሰው ቤት ነው። ሰው ይኖርበታል።

እና አሁን እማዬ አዲስ አበባ ናት። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። በርበሬ ደረሰሽ ወይ፣ በርዶሻል ወይ፣ እከሌ አገባ። ልጠይቃት አፌን ከፍቼ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል? ጎረቤት ቡና ልትጠጣ መጥታ አጠገቧ ትሆናለች። ደግሞ ብትነግረኝስ? የማውቀው ቤት ቢሆንስ? እነዚያን በሮች ሁሉ በልቤ ዞሬያቸዋለሁ። ስሄድ ጉንጫቸውን የምስማቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እማዬ ታውቃለች ስትል፣ በምን...

አይ። ይሄን እቆርጠዋለሁ። ወይ አልቆርጠውም። እንጃ።

ብቻ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። 2014 ላይ ከፊልሙ የተቆረጡት ትዕይንቶች ወጥተዋል፤ 90 ደቂቃ ያህል ናቸው። እዚያ ውስጥ የፓልመር ቤተሰብ አለ፤ ያው ሦስቱ፣ ያው እራት። ሊላንድ ኖርዌጂያኖች እንግዶች ሊመጡበት ነው፣ ስሜ እከሌ ይባላል የምትለዋን በኖርዌይኛ ያስጠናቸዋል። ሎራ ትስቃለች። ሳራ ትስቃለች። የምራቸውን ነው የሚስቁት። እኔም ሳቅኩ። አይቼው አይ፣ ሳራ አታውቅም አልኩ፤ እንዲህ የሚሳቅበት ቤት ውስጥ እንዴት ታውቃለች? ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ይሄ ይባስ አላስፈራኝ መሰላችሁ? ለእማዬ ልልክላት ነበር፣ ክሊፗን ብቻ፣ ምን እንደምትል ለማየት። ግን እሷ ያለ ትርጉም አይታው እንደገና...

ቆይ፣ ኮምፒውተሩ ባትሪ እየጨረሰ ነው። ቻርጀሩን ደግሞ ያ ሰውዬ ወስዶታል፣ እንደ ልማዱ። እና ሳራ እንግዲህ... እንጃ ባካችሁ። ያያችሁት ጻፉልኝ። ስለ ጄምስ ሳይሆን።