ከቦዬ ረግረግ እስከ ሰሜን ቱንድራ

የተከበራችሁ የጅማ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ በቦዬ ዙሪያ የምታርሱና ከብት የምታሰማሩ ወገኖቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። ነገር ግን በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች አብዛኞቹ ከየትም አይመጡም። ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ይኖራሉ፤ ወንዶቹ ዝናቡን ተከትለው አዲስ ላባ ሲለብሱ ገና የደረሱ ይመስሉናል። እውነተኞቹ እንግዶች ሌሎች ናቸው። በከብት እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠውን ቢጫ ወፍ አይታችኋል። በጭቃው ዳር አንገቷን ደፍታ የምትለቅመውን፣ ጀርባዋ በነጭ ነጠብጣብ ያሸበረቀውን ባለ ረጅም እግር ወፍም አይታችኋል። ይህች ሁለተኛዋ 60 ግራም ያህል ትመዝናለች። የምትፈለፈለው ከስካንዲናቪያ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው የሰሜን ረግረግ ነው።

ያ ምድር ዛሬ እየታመመ ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለውን መረጃ መርምረው እንዳረጋገጡት፣ የምድር ሰሜናዊ ጫፍ ከቀረው ዓለም ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ከአፈሩ ሥር ለብዙ ሺህ ዓመታት ረግቶ የኖረው በረዶ እየቀለጠ ነው፤ የያዘው ውኃ ወደ ታች ሲሰርግም አንዳንዱ ኩሬ ይደርቃል። ቱንድራ በሚባለው፣ ሣርና የድንጋይ ሽበት ብቻ በነበረበት ዛፍ አልባ ሜዳ ቁጥቋጦ እየገባ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀጠሮው መፋለስ ነው። በሰሜን በጋው አጭር ነው። በረዶው እንደቀለጠ ትንኝና ትል ምድሩን ይሞላዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያልቃል። ጫጩቶቹም ያችን አጭር የጥጋብ ጊዜ ጠብቀው መፈልፈል አለባቸው። እናትየው ከአፍሪካ የምትነሣበትን ጊዜ የሚነግራት በውስጧ ያለው የዓመት ሰዓትና የቀኑ ርዝመት ነው። የፀሐይ ጉዞ አልተለወጠም፤ የበረዶው መቅለጫ ጊዜ ግን ቀድሟል። እዚህ ቦዬ ላይ ሆና ሳይቤሪያ ላይ በረዶው ቀድሞ መቅለጡን በምን ታውቃለች?

የጅማ ቡና ገበሬ ይህን ለመረዳት እኔን አይፈልግም። ያለ ጊዜው በወረደ ዝናብ ቡናው በየተራ ሲያብብ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ቀይና አረንጓዴ ፍሬ ይዞ ሲያደክመው አይቷል። ወፏም ላይ የደረሰው ይኸው የወቅት መዛባት ነው። ልዩነቱ ገበሬው ፍሬው እስኪቀላ መጠበቅ ሲችል፣ የእርሷ ጫጩት እስኪያድግ ግን ትንኙ አለመጠበቁ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በሩሲያ ታይሚር ልሳነ ምድር የምትራባና በሞሪታኒያ ዳርቻ የምትከርም፣ የዚችው የረጅም እግሯ እንግዳችን ዘመድ የሆነች ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በታይሚር በረዶው በ33 ዓመታት ውስጥ በየዓመቱ በአማካይ በግማሽ ቀን ያህል እየቀደመ ቀልጧል። በረዶው ቀድሞ በቀለጠባቸው ዓመታት የተፈለፈሉት ወፎች ሰውነታቸው ያነሰ፣ መንቆራቸውም ያጠረ ሆኖ ተገኘ። ሞሪታኒያ ሲደርሱ ዋና ምግባቸው በአሸዋው ውስጥ ጠልቆ ይኖራል፤ አጭሩ መንቆር አይደርስበትም። ብዙዎቹ እዚያው ያልቃሉ። እስቲ አስቡት፤ ጉዳቱ የደረሰው በሩሲያ ነው፣ ሞቱ ግን በአፍሪካ።

የታይሚርን በረዶ ከጅማ ሆነን ማቆየት አንችልም። ወፏ ስትነሣ የምትይዘውን ስንቅ ግን እኛ እንወስናለን። ከመጓዟ በፊት ስብ ማጠራቀም አለባት፤ ያም ስብ የሚገኘው ከቦዬ፣ ከኪቶና ከኮፌ ጭቃ ነው። ቀጠሮው ለተዛባባት መንገደኛ ከስታ መነሣት ሌላ መዘግየት ነው።

እኛ ግን ጨፌውን በቦይ እያደረቅነው ነው። ባሕር ዛፍ ተክለንበታል፣ ለጡብ የሚሆን ጭቃ ቆፍረንበታል፣ የከተማችንን ቆሻሻ በአዌቱ ወንዝ ልከንበታል። ጡብ ሠሪውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም፤ በዚያ ጡብ ቤት የሠራነው እኛው ነን። የማደርገው ልመና ግልጽ ነው። ወደ ረግረጉ አዲስ የማድረቂያ ቦይ አይቆፈር። በውኃው ዳር ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ቁፋሮውም ዳር ድንበር ይበጅለት። ይህንን ለመወሰን የሌላ አገር ጉባኤ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ የሚወስኑት ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ውኃው ዳር አብረን እንወርዳለን። ተማሪዎች መነጽሩን ተራ በተራ ያዙ፣ ያያችሁትንም በደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉ፤ በሚያዝያ ተመልሰን ስንመጣ የትኞቹ እንደሄዱ እናመሳክራለን። ሣሩ ውስጥ ስትገቡ ቀስ ብላችሁ እርገጡ። እየበሉ ነው።