አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የሙያ ባልደረቦቼ፣ የጋራዥ ኃላፊዎች፣ ዘንድሮ ሥራ የምትጀምሩ ወጣት መካኒኮች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የሞተር ቅድመ ጥገና» የሚል ሰፊ ነው። ስለ ዘይትና ስለ ማጣሪያ ግን ለእናንተ አልነግራችሁም። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ተቀይሮ ሳይቆይ ስለሚበጠስ የታይሚንግ ቺንጋ፤ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ተነሥቶ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ስለሚያዞረው ባለ ጥርስ የላስቲክ ቀበቶ።

መኪናው ተጎትቶ ሲመለስ ለባለቤቱ የምንሰጠው መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር።» ፎርጅድ ዕቃ የለም አልልም፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያረጀ ቺንጋም አለ። ነገር ግን 100,000 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተሠራ ቺንጋ በ2,000 ሲበጠስ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከጎኑ የተተወው አሮጌ ዕቃና የገጠመው እጅ ነው። እኛ ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንመታለን።

ይህን ቺንጋ ተመልከቱ። ጥርሶቹ እንደ አዲስ ናቸው። ጀርባው ግን ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጠርዙም ቀልጧል። ይህ አልዞር ያለች ፑሊ (ቺንጋው የሚያልፍባት ትንሽ መንኮራኩር) ሥራ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ክራንክሻፍቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ፑሊዋ በስፋት ከክራንኩ ጥርስ ጋር እኩል ብትሆን እንኳ በአንድ ሰዓት መንገድ 180,000 ዙር ትዞራለች፤ ካነሰች ከዚያም ይበልጣል። ውስጧ ያለ ግሪሱ የደረቀ ኩሽኔታ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ቀጥ ይላል። ቺንጋው በቆመ ብረት ላይ እየተፋተገ ይቃጠላል።

በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ዋተር ፓምፕም እንዲሁ ነው። ዘንጉ ከተወላገደ ቺንጋውን ወደ ዳር እየገፋ ጠርዙን ያስበላዋል። የክራንክ ወይም የካም ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት፣ ካፈሰሰ ደግሞ ዘይቱ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ጥርሱ ከሥሩ ለስልሶ ይላጣል።

«ደንበኛው ቺንጋውን ብቻ ቀይርልኝ ብሎኝ ነው» የምትሉ አላችሁ። ደንበኛው ኩሽኔታውን የት አይቶት? ሽፋኑን የፈታችሁት እናንተ! ፑሊዋን በእጃችሁ አዙራችሁ ማንኳኳቷን መስማት የምትችሉት እናንተ! ፒስተንና ቫልቭ በሚገናኙበት ሞተር ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል። ቺንጋውን የሚወጥረውን ቴንሽነር፣ ፑሊዎቹን፣ ሲሎቹንና በቺንጋው የሚዞረውን ፓምፕ አብራችሁ ቀይሩ። ባለቤቱ እምቢ ካለ ሥራውን አትቀበሉ!

ሁለተኛው ቺንጋ ይኸው። በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። የቺንጋ ጉልበት ላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩት የመስታወት ክሮች ናቸው፤ መስታወት መጎተትን ይችላል፣ መታጠፍን አይችልም። ከሳጥኑ ወጥቶ በጭብጥ የታጠፈ፣ የተገለበጠ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ የገባ ቺንጋ ላዩ ደህና ይመስላል። ክሩ ግን ውስጥ ተሰብሯል፤ በኋላ የሚበጠሰውም እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ቴንሽነሩን ሙሉ በሙሉ አላሉ፤ ከክራንኩ ጀምራችሁ ቴንሽነር የሌለበትን ወገን ወጠር አድርጋችሁ ዙሩ፤ በእጅ ብቻ አስገቡ። በእጅ አልገባ ካለ ወይ ቴንሽነሩ አልላላም፣ ወይ ዕቃው የዚያ ሞተር አይደለም።

ውጥረቱን የምትለኩት ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ እያፏጨ ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላው ደግሞ ጥርስ ይዘላል። ጠቋሚ ያለውን ቴንሽነር ከምልክቱ ጋር አገናኙ፤ ቡሎኑን በቶርክ ሬንች አምራቹ ባዘዘው ልክ እሰሩ። በሃይድሮሊክ የሚሠራውን ሞርሳ ላይ አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑትና በፒን ያዙት፤ ከገጠማችሁ በኋላ ፒኑን ማውጣት አትርሱ። ከዚያ በክራንኩ ቡሎን፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። ክራንክ ሁለት ሲዞር ካም አንድ ስለሚዞር የሁለቱ ምልክቶች ተመልሰው መገጣጠም አለባቸው። መሀል ላይ ድንገት ቀጥ ካለባችሁ አትግፉ፤ ስታርተርም አትንኩ። ፍቱና እንደገና ጀምሩ።

ሽፋኑን በሙሉ ቡሎኑ እሰሩ፤ ጠጠር አንዴ ከገባ ይበቃል። ዕቃ ስታዙ በሻሲ ቁጥር እዘዙ።

ሦስተኛው ቺንጋ አልተበጠሰም። ክሩ ሙሉ ነው፤ በአንድ በኩል ግን ተከታታይ ጥርሶቹ ተላጭተዋል። ካምሻፍቱ ወይም ፓምፑ ተይዞ ቆሞ ክራንኩ መዞሩን ሲቀጥል እንዲህ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ሌላ ቺንጋ ከማሰራችሁ በፊት ፒስተኖቹን ከላይኛው ጫፍ ዝቅ አድርጋችሁ ካምሻፍቱንና ፓምፑን ለየብቻ በእጅ አዙሩ። ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ትቻቸዋለሁ፤ ቅረቡና በጣታችሁ ዳስሷቸው።