ድድ ሲደማ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ሆኜ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ስለቆየሁት አንድ ጉዳይ ላወራችሁ ነው። በጥርስ ሕክምና በሠራሁባቸው ዓመታት ታካሚዎች ስለ ድዳቸው የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሕመም መጥተው፣ ሕክምናው አልቆ ከወንበሩ ሊነሡ ሲሉ ነው። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ መቦረሹን ልተወው እንዴ?» ይሉኛል።

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር እናቴ ትታወሰኛለች። እናቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ያደገች፣ በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰች ሴት ናት። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ድድን በእሾህ ወይም በመርፌ እየወጉ በጥላሸት ማጥቆር የሴት ልጅ ጌጥ ነበር፤ በጠቆረ ድድ ላይ ጥርስ ይበልጥ ነጥቶ ይታያልና። ንቅሳቱ ድድን ያጠነክራል ተብሎም ይታመን ነበር። እናቴ በየማለዳው በወይራ መፋቂያ ጥርሷን ትፍቅ ነበር፤ ስትተፋ ምራቋ ደም ሲቀላቀልበት አይቻለሁ። የሚደማውን ጎን እንዳይብስባት ብላ ቀስ በቀስ መፋቅ ተወች። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የታችኛው የፊት ጥርሶቿ መነቃነቅ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ ወለቁ። በወቅቱ ገና አርባ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሆኖም ቤታችን ውስጥ «ዕድሜ ነው» ተባለ እንጂ በሽታ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

በሽታ ነበር። ድድ ሲቦረሽ የሚደማው በአብዛኛው ብሩሹ ስላቆሰለው ሳይሆን ቀድሞውኑ ስለተቆጣ ነው። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ ባክቴሪያዎች እንደ ስስ ቅባት ተጣብቀው ይከማቻሉ፤ በባለሙያዎች ዘንድ ፕላክ የሚባለው ይህ ነው። ሰውነት ይህን ክምችት ለመከላከል ወደ ድዱ ብዙ ደም ይልካል፤ ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። እንግዲህ የሚደማውን ቦታ መቦረሽ መተው ማለት ድዱን ያስቆጣውን ነገር በቦታው እንዲቆይ መፍቀድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የድድ በሽታ ተመራማሪው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጤናማ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳቱን ሲቀጥሉ ደግሞ በሳምንት ገደማ ዳነ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠው መልስ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ያንኑ የሚደማውን መስመር፣ ሳይጫኑ ነገር ግን ሳይዘሉ ያጽዱት የሚል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድማቱ ካልቀነሰ ግን መታየት ያስፈልጋል።

ካልቀነሰ የምለው ፕላክ በቶሎ ካልተነሣ በምራቅ ውስጥ ካሉት ማዕድናት ጋር እየጠጠረ ወደ ጥርስ ድንጋይ ስለሚለወጥ ነው። ድንጋዩን ብሩሽም፣ መፋቂያም፣ በጨው መጉመጥመጥም አያነሣውም። ለብ ያለ የጨው ውኃ የታመመ ድድን ለጊዜው ያስታግሳል፤ የተጣበቀውን ግን አያላቅቅም። ድንጋዩን የሚያነሣው እጥበት፣ ማለትም ሐኪም በመሣሪያ ከጥርሱ ላይ ፍቆ የሚያላቅቅበት ሕክምና ነው፤ እዚህ ላይ ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ ይመጣል፤ «እጥበት ጥርስን ያላላል ይባላል፤ እውነት ነው?»

ይህን ጥያቄ በትዕግሥት መመለስን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንዲት እናት መጡ፤ በታችኛው የፊት ጥርሶቻቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ድንጋዩ አንድ ላይ ተያይዞ እንደ ግንብ ቆሞ ነበር። ወረፋው ብዙ ስለነበር ምንም ሳላስረዳቸው አጠብኩላቸው። በሳምንቱ ተመልሰው፣ «ልጄ፣ ጥርሴን አላላኸው፤ በመካከሉም ክፍተት አወጣህበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ጥርሶቹ ይነቃነቁ ነበር፤ ክፍተቱም ይታይ ነበር። ነገር ግን ጥርሶቹን የሚይዘው አጥንት ከብዙ ጊዜ በፊት ጠፍቶ፣ ድንጋዩ ብቻ አያይዞ አቁሟቸው ነበር፤ ክፍተቱም ድንጋዩ የሞላው ቦታ ነበር። ይህን አስቀድሜ በመስታወት አሳይቼ ብነግራቸው ኖሮ፣ ሴትዮዋ ለጎረቤቶቻቸው የሚነግሩት ሌላ ይሆን ነበር። ስንት ሰው በእኔ ዝምታ ምክንያት ከእጥበት እንደቀረ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአጥንቱ ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። ድዱ ብቻ የተቆጣ እንደሆነ ሙሉ በሙሉ ይድናል። መቆጣቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ አጥንቱን መብላት ከጀመረ ግን ሕክምናው ጉዳቱን ያስቆመዋል እንጂ የጠፋው አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም የሚካሄድ በመሆኑ «አያመኝም» የሚለው ቃል የጤንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ነው ሐኪም በሚሊሜትር በተከፋፈለች ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት የሚለካው፤ እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ጤናማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ እንደ ኪስ ያለ ክፍተት እየተፈጠረ ነውና ክትትል ይሻል።

ስለ መፋቂያ የሚጠይቁኝም ብዙዎች ናቸው። መፋቂያን አልንቅም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ ከፊት ያለውን ገጽ ያጸዳል። ችግሩ ቀጥ ያለ እንጨት በመሆኑ በምላስ በኩል ያለውን ገጽና የኋላ መንጋጋዎችን በቀላሉ አለመድረሱ ነው፤ የእናቴ ድንጋይ የተከማቸውም በምላሷ በኩል ነበር። ማታ ከመተኛት በፊትና በቀን አንድ ሌላ ጊዜ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ብሩሹን ወደ ድዱ መስመር ዘንበል አድርጎ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይበቃል። በጥርሶች መካከል ግን ብሩሽም አይገባምና የጥርስ ማጽጃ ክር ያስፈልጋል። ከሥጋ በኋላ ስቴኪኒ መጠቀም የተጣበቀ ቁራጭ ያወጣል እንጂ ፕላክን አያነሣም፤ በኃይል ሲገፉትም ድድን ያቆስላል።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶች ደግሞ ቡናማ የሆነውን ጥርሳቸውን አሳጥበው ማንጻት ይፈልጋሉ። ያ ቀለም በልጅነት ከጠጡት ፍሎራይድ ከበዛበት የጉድጓድ ውኃ በጥርሱ ሽፋን ውስጥ የቀረ ስለሆነ በእጥበት አይለቅም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም፤ ሊያፍሩበትም አይገባም። ነፍሰ ጡር እናቶች ድዳቸው በሆርሞን ለውጥ ምክንያት በቀላሉ ይቆጣል፤ «እርጉዝ ጥርሷን አትነካም» የሚለው ትክክል አይደለም፤ እጥበት በእርግዝና ጊዜ ይቻላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የድድ በሽታ ይበረታበታል፤ የድድ በሽታውም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ስላልደማ ደህና ነኝ ሊል ይችላል፤ ያልደማው ግን በሲጋራው ውስጥ ያለው ኒኮቲን የደም ሥሮችን አጥብቦ ምልክቱን ስለሚሰውር ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒንም በአንዳንዶች ላይ ድድን ያሳብጣል፤ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይገባም፤ ላዘዘው ሐኪም መንገር ነው።

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ድዷ በንቅሳት ስለጠቆረ መቅላቱ በዓይን አይታይም ነበር፤ የነገረኝ መለኪያው ነው፤ በየጥርሱ ዙሪያ በነካሁት ቁጥር ደም ይከተለው ነበር፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ቦታ 6 ሚሊሜትር ደረሰ። በሦስት ቀጠሮ አጠብኳት። ብሩሹን በምላሷ በኩል እንዴት እንደምታዞር እጇን ይዤ አሳየኋት፤ መፋቂያዋንም አልከለከልኳት። አሁን በየአራት ወሩ ትመጣለች፤ የወለቁት አልተመለሱም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ጥርስ አላጣችም። ባለፈው ቀጠሮዋ ለክቼ ስጨርስ ተነሥታ ምራቋን ተፋች፤ ሳህኑን ጎንበስ ብላ አየችውና «ንጹሕ ነው» አለችኝ።